ከበላያቸው ሆነን ተመለስን

ከአውሮፕላኑ ከሁሉም መጨረሻ የወረዱት አንዲት እናት ነበሩ። ሻሻቸውን አጥብቀው አስረዋል። የያዙት አንድ ትንሽ የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው። እኔ አብራሪው ደረጃው ሥር ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። የቆምንበት ቦሌ ነው። መቆም የነበረብን ግን ኮምቦልቻ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም።

«ልጄ፣ እዚያ ያሉት ድምፃችሁን እኮ ሰምተዋል» አሉኝ። «ከበላያቸው ሆናችሁ ተመለሳችሁ።»

ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። ከዚያ ወዲህ ብዙ በርሬያለሁ፤ ብዙ ሰው አድርሻለሁ። ይህች ንግግር ግን አልለቀቀችኝም። ለልምምድ ሲሙሌተር ውስጥ ስቀመጥ ትመጣለች። ደሴ እናቴ ቤት አድሬ ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነውም ትመጣለች። ብጽፋት ይሻላል ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

የሰጠሁት ቃል

ነሐሴ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ልንነሳ ነው። የአየር ትንበያውን አይተናል። ደመና አለ፣ ግን ለመሄድ የሚከለክል አልነበረም። ተሳፋሪው ገብቶ አልቋል። ዋናዋ አስተናጋጅ ኮክፒት ብቅ አለችና «ካፒቴን፣ አንዲት እናት ከዙሁር በፊት ደሴ እገባለሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ታላቅ እህታቸው ሌሊት አርፈዋል» አለችኝ።

ለወሎ ልጅ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጀናዛ፣ ማለትም አስከሬን፣ አይቆይም። ሌሊት ያረፈ ሰው ብዙ ጊዜ ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ ይቀበራል። እኔ የክርስቲያን ቤት ልጅ ነኝ። ግን ደሴ ያደገ ሰው የጎረቤቱን ለቅሶ እንደራሱ ያውቀዋል። ሴትን የሚያጥቧት ሴቶች ናቸው፤ እህት ካለች ደግሞ እህት ትቀድማለች። ሴትዮዋ የሚቸኩሉት ቀብር ለመድረስ ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

ሰዓቴን አየሁ። በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደንብ ይደርሳሉ። «አብሽሩ በያቸው» አልኳት። «እናደርስዎታለን ብሏል በያቸው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ያን ቃል ስናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውን ከሐዘኑ በአንድ ሰዓት ቀድሞ ማድረስ! በመኪና ቢሆን ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣርማ በርን ወጥቶ፣ ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ ሙሉ ቀን ይበላል። ሥራዬን የምወደው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው ብዬ አሰብኩ። ቃሉ የእኔ እንዳልሆነ ግን አላሰብኩም። የኮምቦልቻን ሰማይ ወክዬ ነበር የተናገርኩት።

ከደመናው በላይ

ደሴ ያደገ ልጅ ከደመና ሥር ነው የሚያድገው። ክረምት ሲገባ የጦሳ ተራራ ይጠፋል። ትምህርት ቤት ስንሄድ ጉሙ ከፊታችን እየተከፈተ ከኋላችን ይዘጋ ነበር። ትንሽ ራቅ ያለ ጓደኛህን የምታውቀው በድምፁ ነው። አንድ ቀን አባቴን «ከዚህ በላይ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ፀሐይ አለች። የትም አልሄደችም» አለኝ። አባቴ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አውሮፕላን በገዛ እጄ ይዤ ከክረምት ደመና ስወጣ፣ አባቴ እውነቱን እንደነበረ አየሁ። መስታወቱ መጀመሪያ ግራጫ ነው። ቀጥሎ ነጭ ይሆናል። ነጩ ይሳሳል፣ ይሳሳልና ድንገት ሰማያዊ! ደመናው ከሥርህ እንደ ተባዘተ ጥጥ ተዘርግቷል። የወሎ ተራሮች አናት አናታቸው ብቻ ወጥቶ ሐይቅ ላይ ያሉ ደሴቶች ይመስላሉ። የደሴ ሰው ከሥር ጋቢውን ደርቦ «ዛሬም አልወጣችም» እያለ ነው። እኔ እሷኑ ፀሐይ ፊት ለፊት እያየሁ ዓይኔን እከልላለሁ። ስንቴ አየሁት፤ አንድም ቀን አልሰለቸኝም።

ሌላም ደስታ አለ፤ እሱን ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። አውሮፕላኑን በእጅ ስታበር መሪውን በጣትህ ነካ ታደርገዋለህ፣ እሱም ይመልስልሃል። ትንሽ ስትጠይቀው ትንሽ ይሰጥሃል። ንፋስ ሲገፋው ከዓይንህ በፊት ወገብህ ያውቃል። እንዲህ ያለ ጠዋት ላይ ቀጥ አድርገህ ይዘህ ስትሄድ፣ ሰባ ምናምን ሰው ከኋላህ ተቀምጦ ቡናውን ሳያፈስ ሲጠጣ፣ ውስጥህ ጸጥ ይላል። ደስታ ስል ይህንን ጸጥታ ነው።

በዚያን ዕለትም ወደ ታች መውረድ እስክንጀምር ድረስ ፀሐይ ላይ ነበርን።

ሁለቱ ሰከንዶች

የኮምቦልቻ ማረፊያ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ዙሪያው ተራራ። ሜዳው ራሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ይበልጣል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር አውሮፕላን እንዲሸከም አውሮፕላኑ ይበልጥ መፍጠን አለበት። በየ1,000 ጫማው እውነተኛው ፍጥነት 2 በመቶ ያህል እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ለማረፍ ስንቃረብ በሰከንድ ከ60 ሜትር በላይ እየተጓዝን ነው። በየሰከንዱ ደግሞ 3 ሜትር ገደማ እንወርዳለን።

ሚኒማ የምንለው ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ማረፊያ የተጻፈ ከፍታ ነው። እዚያ ስትደርስ ራንዌዩን፣ ማለትም ማኮብኮቢያውን፣ ወይም መብራቱን ካላየህ አትወርድም። ኃይል ትጨምራለህ፣ አፍንጫውን ቀና ታደርጋለህ፣ ትወጣለህ። ጎ አራውንድ ይባላል። በቃ፣ ክርክር የለውም።

የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ምንም አልታየም። ወጣን። ፀሐዩ ላይ ተመልሰን እየዞርን 20 ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ታወሩ፣ የማረፊያው በረራ ተቆጣጣሪ፣ ደመናው ትንሽ ከፍ እያለ ነው አለን። ሁለተኛ ሞከርን።

መስታወቱ ግራጫ ነው። ዝናብ ይመታዋል። ረዳት አብራሪዬ ከቀኝ በኩል ከፍታውን እየጠራችልኝ ነው። ወጣት ናት፤ ድምፅዋ የረጋ። «መቶ ጫማ ይቀራል» አለች። ትንሽ ቆይታ «ሚኒማ» አለች።

በዚያች ቅጽበት በግራዬ በኩል ደመናው ተቀደደ።

መሬት አየሁ። ቡናማ ውሃ፣ የወንዝ መታጠፊያ፣ ሦስት ባሕር ዛፎች፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ። ቦርከና! ልጅ ሆኜ ክረምቱን ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ ስከርም ዳሩ ላይ የዋልኩበት ወንዝ። አወቅኋት አልኩ በልቤ። ይህችን መታጠፊያ ካለፍኩ ራንዌዩ ከፊቴ ነው።

«ራንዌይ አይታየኝም። ጎ አራውንድ» አለች ረዳቴ።

አልመለስኩላትም።

ሁለት ሰከንድ ይሆናል። በዚያች ሁለት ሰከንድ ውስጥ ተራራ ትዝ አላለኝም፣ ነዳጅም ትዝ አላለኝም። የመጣችብኝ አይቻት የማላውቅ ሴት ናት። ነጭ ጨርቅ ለብሳ ተኝታለች፣ አጠገቧ ውሃ ቀርቧል፣ እህቷ እስክትመጣ ይጠበቃል። ጠዋት የሰጠሁት ቃል ከኋላችን ባለችው ትርፍ መቀመጫ ላይ ሦስተኛ ሰው ሆኖ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ቀዳዳዋ አሁንም ክፍት ናት። እጄ አልተንቀሳቀሰም።

«ካፒቴን! ጎ አራውንድ!»

አሁን ድምፅዋ ሌላ ነው። እጄ ሄደ። ሞተሮቹ ጮኹ፣ አፍንጫው ተነሳ፣ ጎማው ተሰበሰበ። ቀዳዳዋን ዞር ብዬ ሳያት ተዘግታለች። መኖሯም የሚታወቅ አይመስልም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ከዚያ በፊት ይህን ተረት ስሰማ የሚታየኝ መንገዱን የሳተ ሰው ነበር። አሁን የሚታየኝ አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ለቦታው እንግዳ የሆነ አብራሪ ያቺን ቀዳዳ ቢያያት ምንም አትነግረውም ነበር። እኔን ግን በስሜ ጠራችኝ። ሸለቆውን መውደዴና ማወቄ ያን ዕለት ሊጠቅመኝ አልቻለም። አንድ ጥግ አይቶ ቀሪውን በልቡ የሚሞላ ሰው አደረገኝ እንጂ።

መቃብር ላይ ሲጠበቁ

በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2 ቀን 2002 ዓ.ም. የፖላንድ ፕሬዝዳንት የነበሩት ሌክ ካቺንስኪ ወደ ሩሲያዋ ስሞሌንስክ በረሩ። አውሮፕላኑ ቱፖሌቭ 154 ነው። የሚሄዱት ከ70 ዓመት በፊት ካቲን ላይ የተገደሉትን የፖላንድ መኮንኖች ለማሰብ ነበር። መቃብሩ ላይ ሕዝብ ይጠብቃቸዋል። ማረፊያው በጉም ተሸፍኗል። አውሮፕላኑ መሬት ሳይታይ ከተፈቀደው ከፍታ በታች ወረደ። ማስጠንቀቂያው «ፑል አፕ»፣ ወደ ላይ አንሳ፣ እያለ ይጮህ ነበር። ከራንዌዩ በፊት ዛፍ መታ። የተሳፈሩት 96 ሰዎች አለቁ።

ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ፈተናም መልሻለሁ። ያኔ የመሰለኝ ጫናው ፕሬዝዳንት በመሳፈሩ የመጣ ነው። ከነሐሴው ጠዋት በኋላ ሌላ ነገር ታየኝ። እነዚያም አብራሪዎች ከኋላቸው ሐዘንተኛ ጭነዋል፤ ከፊታቸውም ሐዘንተኛ ይጠብቃል። ጫና ለመሆን ባለሥልጣን መሆን አያስፈልግም። አንድ የእጅ ቦርሳ የያዙ እናትም ይበቃሉ።

ሚኒማው ለምን ቁጥር እንደሆነ የገባኝም ያኔ ነው። ያ ቁጥር የተወሰነው ማንም በማያለቅስበት ክፍል ውስጥ ነው። የወሰኑት ሰዎች ካርታና መለኪያ ይዘው፣ ተራራውን ለክተው፣ ተረጋግተው ነው የጻፉት። እኔ ደመና ውስጥ ሆኜ፣ ልቤ እየመታ፣ ከእነሱ የተሻለ ልወስን አልችልም። ቁጥሩ እንደ ታላቅ ወንድም ነው፤ አንተ ስትሞቅ እሱ ቀዝቅዞ ይጠብቅሃል።

ስለ ረዳቴ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እኛ አገር ታላቅን ማረም ከባድ ነው። «እሱ ያውቃል» እንላለን። ለሙያችን ይህ አደገኛ ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. ቴኔሪፍ ደሴት ላይ በጉም ውስጥ ሁለት ጃምቦ ጄቶች ራንዌይ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ሞተ። ሊነሳ ይንደረደር በነበረው አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ «ያኛው ከራንዌዩ አልወጣም እንዴ?» የሚል ጥርጣሬ አንስቶ ነበር። ዋናው አብራሪ ወጥቷል አለ። መሐንዲሱ አልደገመም። የዛሬ አብራሪዎች ሁሉ የምንማረው መናገርን ብቻ አይደለም፤ መድገምን ነው። ረዳቴ ደገመችው። በዕድሜ በ12 ዓመት ታንሰኛለች። ሁለተኛዋን ጩኸት ባትጮህ ኖሮ የሚለውን ሐሳብ እስከ ጫፉ አስቤው አላውቅም።

ቦሌ እንደደረስን ሪፖርቱን ራሴ ጻፍኩ። የዘገየሁትንም ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚጻፈው ሌላው አብራሪ እንዲማርበት ነው። እጄ ግን እየከበደኝ ነው የጻፍኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ስመዘግብ ዓይኔን ያዘው፤ የነዳጁ ቁጥር። ከመነሳታችን በፊት እስከ ኮምቦልቻ የሚያደርሰን ተሞልቷል። በዚያ ላይ እስከ አማራጭ ማረፊያ የሚወስደን አለ። ከዚያም በላይ ሕጉ የሚያዘው የ30 ደቂቃ መቆያ አለ። ያን ሁሉ ፈርሜ ነው የተነሳሁት። እናደርስዎታለን ስል ላለመድረስ የሚሆነውን ነዳጅ ጭኜ ነበር። ታንኩ እውነቱን ያውቅ ነበር። ለሴትዮዋ ያልተነገራቸው እሱ ነው።

ለቅሶ ቤት

ከአምስት ቀን በኋላ ዕረፍት ነበረኝ። ደሴ ገባሁ። ለእናቴ ነገርኳት። ምንም አላብራራችም፣ ነጠላዋን አነሳች። «ለቅሶ ይደረሳል» አለች። ከሸዋ በር ዝቅ ብሎ ነው ቤቱ። ደሴ ውስጥ ለቅሶ ቤት ለማግኘት አድራሻ አያስፈልግም።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። «አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» አልኳቸው። አወቁኝ። ለሰዉ «አብራሪው ነው» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት። «ግቢው ውስጥ ነበርን» አሉ። «ድምፁ መጣ፣ ራቀ፣ ደግሞ መጣ። ሁላችን አንጋጠጥን፤ ጉም ብቻ ነው።» ቀጥለው ስለ አባታቸው አወሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣልያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ፣ ጃንሆይም ከተማው ውስጥ በነበሩ ጊዜ፣ አባታቸው ልጅ ነበሩ። «እስኪሞት ድረስ አውሮፕላን ሲሰማ ከቤት ይወጣ ነበር። ድምፁ ሲርቅ ነው ተመልሶ የሚቀመጠው» አሉ። ወደኔ ዞሩ። «ያንተ ሲርቅ ግን እኛ ቆምን።»

የምመልሰው ነገር አልነበረኝም።

ሴትዮዋ ቡናውን ራሳቸው ነው የሚቀዱት። ሲኒውን እየሰጡኝ «ልጄ፣ መሬቱን አይተኸው ነበር?» አሉኝ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አልታየኝም ብል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ማንም አይመረምረኝም። «አዎ» አልኩ። «በአንድ ቀዳዳ፣ ለአፍታ።»

«ታዲያ?»

እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? ስለ ሚኒማ ማውራት ጀመርኩና ተውኩት። «ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌሩ ምን ያደርጋል?» አልኳቸው።

«ይቆማል። ካልቆመም ረዳቱ ወርዶ ከፊት ከፊት ይሄድለታል።»

«እኛ ወርዶ የሚሄድልን የለም። መቆምም አንችልም። ያየኋት ቀዳዳ በጎን ነበረች፤ ከፊቴ ምን እንዳለ አላየሁም። ከኋላዬ እርስዎን ጨምሮ ብዙ ሰው ነበር።»

ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ ነበር። የከሰሉ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ «ጎረቤቶቿ አጠቧት። ደህና አድርገው ነው ያጠቧት» አሉ። ትንሽ ቆዩና «እኔን ያጠበችኝ ግን እሷ ነበረች። ልጅ ሆኜ» አሉ።

ይቅር ብያለሁ አላሉኝም፤ አጥፍተሃልም አላሉኝም። ቶናውን ጠጥቼ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ። «በረካውን ሳትጠጣ አትሄድም» አሉ። ተቀመጥኩ።

ሐረጎ ላይ

ከዚያ ወዲህ «እናደርስዎታለን» የሚለውን ቃል ትቻለሁ። አስተናጋጆቹም ከእኔ ጋር ሲሠሩ ያውቁታል። ሰው ሲጠይቅ «ወደ ኮምቦልቻ እንሄዳለን፤ ሰማዩ ካልፈቀደ እንመለሳለን» ይባልልኛል። አንዳንዱ ተሳፋሪ ቅር ይለዋል። ክረምት ላይ የሚቸኩል ሰው ካለ ከበረራው በፊት ሌላ አማራጭ እንዲያስብ ጊዜ ይሰጠዋል ብዬ አምናለሁ። ሴትዮዋ ያን ጠዋት ላይደርሱ እንደሚችሉ ቢያውቁ ለዘመዶቻቸው ይደውሉ ነበር። «አትጠብቁኝ» ወይም «ጠብቁኝ» ይሉ ነበር። ያንን ነው የነፈግኋቸው።

ባለፈው ጥቅምት ተሳፋሪ ሆኜ ወደ ቤት ሄድኩ። መስኮት አጠገብ ነበርኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መሬቱ አደይ የለበሰ ነው። እንደ ልጅ ግንባሬን መስታወቱ ላይ ደግፌ ያቺን መታጠፊያ ፈለግኋት። ሦስት ባሕር ዛፍ፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ። አላገኘኋትም። ካረፍን በኋላ ታክሲ ይዤ ወደ ደሴ ስወጣ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ሹፌሩን አቁምልኝ አልኩት። ሸለቆው ሁሉ ከዚያ ይታያል። ቦርከናን ከላይ እስከ ታች በዓይኔ ተከተልኩት። መታጠፊያው ብዙ ነው። ባሕር ዛፉም ብዙ ነው። የትኛዋ እንደነበረች መለየት አልቻልኩም።

«ምን ጠፋብህ?» አለኝ ሹፌሩ።

ልመልስለት ስል ድምፅ ሰማሁ። እኛን ያመጣው አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ እየተነሳ ነው። ሹፌሩም ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ከራንዌዩ ተነሳ፣ ጎማውን ሰበሰበ፣ በሸለቆው ላይ ዞረ። ክንፉ ላይ ፀሐይ አንዴ ብልጭ አለች። ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ቆመን አየነው።